የምክር ቤታችን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማንን ነው የሚጠይቀው?

ጥያቄ፦ በደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅ ብዙ በማይርቅ ወረዳ የምክር ቤት አባል ነኝ። ባለፈው ጉባኤያችን የአባላትን ሥነ ምግባር የሚከታተል ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ። እኔም እጄን አውጥቼ ደገፍኩ። ምክንያት ነበረኝ። አንድ አባላችን የገበያ ሱቅ ቦታ ሲደለደል ቁጭ ብሎ ድምፅ ሰጥቷል፤ ቦታ ካገኙት አንዱ የገዛ ወንድሙ ነው። ሌላው ደግሞ ስለ ውሃ ጉዳይ ስናገር «አንቺ ወጥ ማማሰያሽን ያዢ» ብሎ በጉባኤ ፊት አዋረደኝ። ከስብሰባው በኋላ የሰማሁት ግን አስደነገጠኝ። የኮሚቴው የመጀመሪያ ጉዳይ የሚሆነው ማዳበሪያ ለምን ዘገየ ብሎ አስተዳዳሪውን የሞገተው አባል ነው አሉ። «የምክር ቤቱን ገጽታ አበላሽቷል» ነው የሚሉት። እንዲህ ዓይነት ኮሚቴ ማቋቋም እንችላለን? ማን ይቀመጥበት? አባል ማባረርስ ይችላል? ወይስ ዞን ምክር ቤት ሄጄ ብከስ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰላምዎ ይብዛ። ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። አንዴ እንደ ጠበቃ ነው። ሁለተኛውን ግን ያቺ የወጥ ማማሰያ ነገር አላስቀምጥ ብላኝ ነው። አብሽሩ፣ ለሦስቱም ጉዳይ መልስ አለው። ነገር ግን ሦስቱ አንድ ዓይነት ጉዳይ አይደሉም። አደጋው በአንድ ገመድ ሲታሰሩ ነው።

ኮሚቴ ማቋቋም ትችላላችሁ። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 19 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለሥራው የሚያስፈልጉትን ቋሚና ጊዜያዊ ኮሚቴዎች እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። ታች ያሉት ምክር ቤቶችም በዚሁ መልክ በኮሚቴ ነው የሚሠሩት። የአባላትን ጠባይ በደንብ መግዛትም አዲስ ነገር አይደለም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የራሱ የአሠራርና የአባላት ሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 6/2008 አለው። ስለዚህ መጀመሪያ አፈ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ይሂዱና የእናንተን ምክር ቤት የአሠራር ደንብ ይጠይቁ። «አለ» ሲሉዎት አይመለሱ። ኮፒውን ይያዙ። ስለ ኮሚቴ፣ ስለ አባላት ግዴታና ስለ ቅጣት ምን እንደሚል በእርሳስ እያሰመሩ ያንብቡት። የጎደለ ካለ የምትሞሉት ደንቡን በማሻሻል ነው። ደንብ ሳይኖር በእጅ ማውጣት ብቻ የተፈጠረ ኮሚቴ ጥፋት የሚለው ነገር የዕለቱ ሰብሳቢ የጠላውን ይሆናል።

ይህን የምለው ያየሁት ነገር ስላለ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው ደሴ ፒያሳ አጠገብ ወዳለው ቢሮዬ መጣ። የአንድ ምክር ቤት አባል ነበር። ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ማህተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ግልባጭ የተደረገላቸው መሥሪያ ቤቶች ዝርዝር ከታች ተደርድሯል። ፍሬ ነገሩ ግን አንድ መስመር ነው፦ «ከአባል የማይጠበቅ ሥነ ምግባር በማሳየትዎ ከኮሚቴ ሰብሳቢነት ተነሥተዋል።» መቼ? የት? ምን አድርጎ? ምንም የለም። «ጥፋቴን ሳላውቅ ምኑን ነው የማስተባብለው?» አለኝ። ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ላገኘው ሰው ሁሉ እየዘረጋ ሲያሳይ ነው የከረመው። እኔም ብዙ ልረዳው አልቻልኩም፤ የሚጠቀስ ደንብ አልነበረማ።

ወደ ማዳበሪያው ሰው ልመለስ፤ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 5 የምክር ቤት አባል በስብሰባ ላይ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት ምክንያት አይከሰስም፣ አስተዳደራዊ እርምጃም አይወሰድበትም ይላል። «አስተዳደራዊ እርምጃ» የምትለዋን ልብ ይበሉልኝ። ማስጠንቀቂያም፣ ከኮሚቴ ማንሳትም እዚያ ውስጥ ይወድቃሉ። አንቀጹ የተጻፈው ለፌዴራሉ ምክር ቤት ነው። የተጻፈበት ምክንያት ግን ለወረዳም ያው ነው። አስተዳዳሪውን መጠየቅ የማይችል ምክር ቤት ለምን ይሰበሰባል? በዚያ ላይ ሐሳብን የመግለጽ መብት በአንቀጽ 29 ለሁሉም ሰው የተሰጠ ነው። ገበሬው በሰኔ ማዳበሪያ ካላገኘ በመስከረም ቢመጣለት ምን ያደርግለታል? ያ አባል የተመረጠው ይህን እንዲጠይቅ ነው። ስለዚህ በአዲሱ ደንባችሁ የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ «ኮሚቴው አባል በጉባኤ በሰጠው ድምፅም ሆነ አስተያየት ላይ ሥልጣን የለውም» የሚል ቃል ይግባ። ይህ ካልገባ እጅዎን አያውጡ። አውጥተው ከሆነም በሚቀጥለው ጉባኤ ሐሳብዎን ይቀይሩ፤ አያሳፍርም።

የሱቅ ቦታው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እዚህ የሚጠየቀው አባሉ ያደረገው ነገር እንጂ የተናገረው አይደለም። ለኮሚቴው ተገቢው ሥራ ይህ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ ነው ሁላችንም ያደግነው። ይህች ተረት ስንት ደንብ እንዳፈረሰች እኔ በየፋይሉ አይቻለሁ። ሆኖም ጠንቀቅ ይበሉ። ወንድም መሆን ጥፋት አይደለም። ሰውየው መስፈርቱን አሟልቶ ቦታውን አግኝቶ ሊሆን ይችላል። የአባሉ ጥፋት «ወንድሜ አለበት» ብሎ ከክፍሉ አለመውጣቱ ነው። ደንባችሁ ይህን በግልጽ ይጻፈው፦ ራሱን፣ የትዳር ጓደኛውን ወይም ዘመዱን የሚመለከት ጉዳይ ሲነሣ አባሉ አስታውቆ ይውጣ፤ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። ምርመራው ከዚህ ካለፈ፣ ማለትም ገንዘብ ተቀብሏል ወይም ሥልጣኑን ተጠቅሞ መስፈርት አስጥሷል የሚያሰኝ ነገር ከታየ፣ ጉዳዩ የኮሚቴው መሆኑ ያበቃል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 በሕዝብ የተመረጠንም ሰው ይነካል። ፋይሉ ለክልሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ወይም ለፖሊስ ይተላለፍ። «በውስጥ እንጨርሰው» የሚል ካለ አይስሙት።

እርስዎን ያዋረደው ሰውዬ ጉዳይ መሐል ላይ ነው ያለው። «ሐሳቤን ነው የተናገርኩት» ሊል ይችላል። አይደለም። ስለ ውሃው የተለየ አቋም ቢኖረው አስተያየት ነበር። ሴት ስለሆኑ ዝም ይበሉ ማለት ግን የሌላን አባል ድምፅ መንጠቅ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 የሰጠዎትን እኩልነት ነው የነጠቀዎት። እንዲህ ያለውን በዚያው ሰዓት ማስቆም የነበረበት አፈ ጉባኤው ነው። ስድብ በወንጀል ሕጋችን በግል አቤቱታ ያስከስሳል፤ እኔ ግን ወደዚያ እንዲሄዱ አልመክርም። ነገሩ ይረዝማል፣ በምክር ቤት ውስጥ የተነገረ ቃል መሆኑም ክርክር ያስነሣል። ቃሉ በተነገረበት አዳራሽ፣ በዚያው ጉባኤ ፊት ይቅርታ እንዲጠይቅ ያመልክቱ። ይቅርታውም በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ካፌ ውስጥ ተጠርተው በቡና የሚታረቁት ነገር አይደለም፤ የተዋረዱት በአደባባይ ነው።

ማን ይቀመጥበት ላሉኝ፣ መልሱን ከሰፈራችን ሽምግልና መውሰድ ይቻላል። ወሎ ውስጥ ነገር ሲታይ ሼሁም ቄሱም አብረው ይቀመጣሉ። የተጣሉት ሰዎች የቅርብ ዘመድ ግን ከሽማግሌነቱ ይነሣል። ማንም ይህን በደንብ አልጻፈውም፤ ሁሉም ያውቀዋል። በእናንተ ወረዳ ደግሞ አንድ የሚጨመር አለ። አስተዳዳሪው የሚመረጠው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ነው። ከካቢኔውም የምክር ቤት አባል የሆኑ ይኖራሉ። እነዚህ ሰዎች በሥነ ምግባር ኮሚቴ ውስጥ መቀመጥ የለባቸውም። ምክር ቤቱ እነሱን ይቆጣጠራል እንጂ እነሱ ተቆጣጣሪያቸውን አይቀጡም። ይህ አንድ ሕግ ቢገባ የማዳበሪያው ጉዳይ ግማሹ ያልቅ ነበር።

የእንግሊዝ ፓርላማም በዚህ ላይ ብዙ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1994 አባላት ገንዘብ እየተቀበሉ በምክር ቤት ጥያቄ ያቀርባሉ የሚል ቅሌት ተነሣ። ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀር በዳኛው በሎርድ ኖላን የሚመራ ኮሚቴ አቋቋሙ። በ1995 ከሕዝብ ሥልጣን የያዘ ሰው ሊመራባቸው የሚገቡ 7 መርሆዎች ወጡ። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። መርማሪውንና ፈራጁን ለዩ። አንድ ራሱን የቻለ ኮሚሽነር ይመረምራል፣ ኮሚቴው ይመዝናል፣ ጠንከር ያለውን ቅጣት ሙሉው ምክር ቤት ይወስናል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ደግሞ የምክር ቤት አባል ያልሆኑ ተራ ዜጎችን ኮሚቴው ውስጥ አስገቡ፤ ኋላ ቁጥራቸው ከአባላቱ እኩል 7 ለ7 ሆነ። እናንተ ጋ ኮሚሽነር መቅጠር አይቻልም። ሆኖም አቤቱታውን የሚያጣራው አንድ ሰው፣ ድምፅ የሚሰጡት ሌሎች ሊሆኑ ይችላሉ። ከሁለቱም እምነት የተከበሩ ሽማግሌና አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ያለ ድምፅ በታዛቢነት ቢቀመጡም የሚከለክል ነገር አይታየኝም፤ ደንቡ ላይ ይጻፍ እንጂ።

አባል ማባረርን በተመለከተ፣ ይህን ሥልጣን ለኮሚቴው አትስጡት። በአንቀጽ 12 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት የሚችለው ሕዝቡ ነው፤ ዝርዝሩም በሕግ ይወሰናል። የመረጠው እርስዎ ወይም አፈ ጉባኤው አይደላችሁም። እንግሊዞቹም እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ሕግ ተመሳሳይ ነው። በሥነ ምግባር ኮሚቴ ሪፖርት 10 የስብሰባ ቀንና ከዚያ በላይ የታገደ አባል ጉዳዩ ወደ ምርጫ ክልሉ ይመለሳል። ከመራጮቹ 10 በመቶው ከፈረሙ ወንበሩን ያጣል፣ አዲስ ምርጫም ይካሄዳል። እናንተ በደንባችሁ ምክር፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ በጉባኤ ፊት ይቅርታ፣ ለተወሰነ ጊዜ ከኮሚቴ መነሣት ብታስገቡ ይበቃል። ከማንኛውም ቅጣት በፊት ግን አባሉ ክሱን በጽሑፍ ያግኝ። ቀኑ፣ ቦታው፣ ድርጊቱና የተጣሰው አንቀጽ ተለይቶ ይጻፍ። መልስ የሚያዘጋጅበት ቀን ይሰጠው፣ ምስክር ያቅርብ፣ ቅር ካለው ለሙሉው ጉባኤ ይግባኝ ይበል። ያ ሰውዬ በኪሱ ይዞ የዞረው ዓይነት ወረቀት ከእናንተ ምክር ቤት እንዳይወጣ።

ደንቡም ወደፊት ለሚሆነው እንጂ አንድን ሰው ለመያዝ ወይም ለማዳን አይጻፍ። በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መንግሥት ኮሚቴው ለ30 የስብሰባ ቀን እንዲታገድ ሐሳብ ያቀረበበትን አንድ አንጋፋ አባሉን ለማትረፍ ሲል አሠራሩን በድምፅ ብልጫ ሊቀይር ሞክሮ ነበር። 250 ለ232 አሸነፈ። በማግሥቱ ከሕዝብ በመጣው ቁጣ ውሳኔውን አጠፈው። ሰውየውም ወንበሩን ለቀቀ፤ በማሟያ ምርጫው ፓርቲው ያን ወንበር ተነጠቀ።

ዞን ስላሉት አጭር ነው። በክልላችን እንደ ደቡብ ወሎ ያለ ዞን የአስተዳደር እርከን እንጂ የተመረጠ ምክር ቤት የለውም። ምክር ቤት ያላቸው ከሚሴ ላይ እንደሚቀመጠው የኦሮሞና ሰቆጣ ላይ እንደሚቀመጠው የዋግ ኽምራ ያሉት የብሔረሰብ አስተዳደሮች ናቸው። ስለዚህ ደሴ ድረስ መጥተው የሚከሱበት ምክር ቤት አያገኙም። ከእናንተ በላይ ያለው ባሕር ዳር የሚቀመጠው የክልሉ ምክር ቤት ነው። እዚያ ከመድረስዎ በፊት ግን ቤትዎ ውስጥ ያለውን ይጨርሱ።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። የሱቅ ቦታ የተደለደለበትን ቀን ቃለ ጉባኤ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ማመልከቻዎን አስመዝግበው ቁጥሩን ይያዙ። እርስዎ የተሰደቡበት ስብሰባ ቃለ ጉባኤም ቃሉን በትክክል መያዙን ያረጋግጡ፤ ካልያዘው በሚቀጥለው ጉባኤ ሲጸድቅ እንዲስተካከል ያሳስቡ። ከዚያ ከሁለትና ከሦስት አባላት ጋር ሆነው የደንብ ማሻሻያውን ረቂቅ በአጀንዳ ያስይዙ። ማዳበሪያ የጠየቀውን አባልም ከፈራሚዎቹ አንዱ እንዲሆን ይጋብዙት። ረቂቁን ከላኩልኝ ያለ ክፍያ አየዋለሁ።