ምሳችሁን ጠረጴዛችሁ ላይ አትብሉ

ልጆቼ፣

በፈረንሳይዋ ግሬኖብል ከተማ ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት ዳቦዬን በወረቀት ጠቅልዬ ይዤ ገባሁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጠረጴዛዬ ላይ ፈታሁት። በአንድ እጄ እየጎረስኩ፣ በሌላው የሒሳብ መዝገቡን እያገላበጥኩ። ትጉ መሆኔን እንዲያዩልኝ ነበር። ጡረታዋ የተቃረበ አንዲት የክፍላችን ሠራተኛ መጥታ አጠገቤ ቆመች። መዝገቡን ዘጋችው። ካፖርቴን ከማንጠልጠያው አውርዳ ሰጠችኝና «እዚህ አይበላም» አለችኝ። የተቆጣችኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። እሷ ግን የወሰደችኝ ባልደረቦቿ ወደተሰበሰቡበት ምግብ ቤት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን። ስለ ሥራ ያነሳ አልነበረም።

ሕግም እንዳለበት ያወቅኩት ቆይቼ ነው። አሠሪ ሠራተኛውን በሥራ ቦታው እንዲበላ መፍቀድ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2021፣ በኮሮና ጊዜ ግን ደንቡ ለጊዜው ላልቶ ነበር።

ፈረንሳዮች ሥራ አይወዱም ሲባል እሰማለሁ። አብሬያቸው ሠርቻለሁ፤ እውነት አይደለም። ዕረፍቱም ከሰማይ አልወረደላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1936 ሠራተኞች ፋብሪካዎቹን ይዘው አድማ መቱ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሌዮን ብሉም መንግሥት የ40 ሰዓት ሳምንትና የሁለት ሳምንት የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድ አወጀ። በዚያው ዓመት ባሕር በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ቤተሰቦች በቅናሽ የባቡር ትኬት ባሕር ዳርቻ ወረዱ። ፈቃዱ እየጨመረ ሄዶ በ1982 አምስት ሳምንት ደረሰ። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ ስልክና ኢሜይል ስለመዝጋት ከሠራተኞቹ ጋር እንዲደራደር ይገደዳል።

ሁሉም ግን እኩል አያርፍም። ቢሯችንን የሚያጸዱት ሴቶች ጎህ ሳይቀድ ገብተው እኛ ስንደርስ ይወጣሉ። ማታ ደግሞ ይመለሳሉ። አብዛኞቹ እንደኔ ስደተኞች ነበሩ። ስለዚያ አገር ሳወራ እነሱን ብዘላቸው ደስ አይለኝም።

አዲስ አበባ ስመለስ በሰዓቱ የማረፉን ልማድ ይዤ ልቀጥል ብዬ ነበር። አሥራ አንድ ተኩል ላይ የሥራ ሰዓት ሲያበቃ ቦርሳዬን አንስቼ ብቻዬን ስወጣ የሁሉም ዓይን ተከተለኝ። ሳምንት ሳይሞላኝ ተውኩት። ከዚያ ሦስት ባልደረቦቼን አናግሬ ምሳ አብረን መውጣት ጀመርን። እሱ ለዓመታት ቆየ። ልዩነቱን ያኔ ነው ያየሁት። ብቻውን ያረፈ ሰው ሰነፍ ይባላል። አራት ሆነው ሲወጡ ግን የክፍሉ ወግ ይሆናል። ግሬኖብል ያቺ ሴትዮ ያደረገችልኝም ይህንኑ ነው፤ «ዕረፍ» ብላ አልመከረችኝም፣ ይዛኝ ወጣች።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ ሲጮህ ተሽቀዳድማችሁ «እሺ» የምትሉ ልጆች አሳዝናችሁኛል። አንዳችሁ ብቻውን ዝም ቢል ይጎዳል። ተነጋግራችሁ ጠዋት ብትመልሱ አለቃችሁም ይለምደዋል። የዓመት ፈቃዳችሁንም አታከማቹት። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣችኋል። ማን መቼ እንደሚወጣ፣ የማን ሥራ በማን እንደሚሸፈን ዓመቱ ሲጀመር ተማከሩ።

ነገ ስድስት ሰዓት ሲሆን ደግሞ አጠገባችሁ ያለውን አዲስ ልጅ እዩት። ምሳውን ኮምፒውተሩ ፊት ከፍቶ ከሆነ፣ ጃኬቱን አቀብሉትና ይዛችሁት ውጡ።