ሻንጣችሁን ፍቱ

ጓንዡ የገባሁ ዕለት ሻንጣዬን አልጋ ስር ገፋሁት። «ለሁለት ዓመት ነው» ብዬ ነበር የሄድኩት። ሸሚዝ ስፈልግ እጎትተዋለሁ፣ አወጣለሁ፣ መልሼ እገፋዋለሁ። ቁም ሳጥኑ ባዶውን ቆሞ ነበር። አራት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። በጠቅላላው ቻይና የቆየሁት ግን አሥራ አምስት ዓመት ነው።

ይህን የምጽፈው ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ስለደወለልኝ ነው። እዚያው ተምሮ ጨርሶ ሥራ አግኝቷል። «ጋሼ፣ ከምን ልጠንቀቅ?» አለኝ። በስልክ ስነግረው ወሬው ተንዛዛ። እንደሱ ያላችሁ ብዙ ናችሁና በጽሑፍ ላድርገው አልኩ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሥራዬ ሴራሚክ መፈተሽ ነበር። አገር ቤት ያሉ አስመጪዎች ፎሻን ካሉ ፋብሪካዎች የወለልና የግድግዳ ሴራሚክ ያዛሉ። እኔ ደግሞ ኮንቴይነሩ ከመታሸጉ በፊት ሄጄ ዕቃውን አያለሁ። ፎሻን ከጓንዡ ጎን ለጎን ያለች ከተማ ናት። ሁለቱን የሚያገናኘው ሜትሮ በ2010 ሥራ እስኪጀምር ድረስ በአውቶቡስ ነበር የምመላለሰው። ጠዋት ወጥቼ፣ ፋብሪካ ውዬ፣ ማታ ሻውቤይ በሚባለው የጓንዡ ሰፈር ከሐበሾች ጋር ራት በልቼ እተኛለሁ። ከቻይናዎች ጋር የማወራው ስለ ዋጋና ስለ ካርቶን ብቻ ነበር። ቋንቋቸውን አልተማርኩም። ለሁለት ዓመት ብሎ የመጣ ሰው ምን ያደርግለታል?

በሁለተኛው ዓመቴ አንድ የሆቴል ትዕዛዝ ገጠመኝ። 60 በ60 የሆነ ክሬም ወለል ነው። ካርቶኑ አራት ይይዛል፣ 1.44 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። ካርቶኑ ጎን ላይ የቀለም ቁጥር ይታተማል፤ ቁጥሩ ከተለያየ ቀለሙም ትንሽ ይለያያል። ከፊት የተደረደሩትን አሥር ካርቶን ከፍቼ አየሁ። አንደኛ ናቸው። ከኋላ ያሉትን ለማየት ፎርክሊፍት ያስፈልግ ነበር፣ እኔ ደግሞ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ቸኩያለሁ። ሽያጭ ላይ ያለችውን ልጅ «ሁሉም አንድ ቀለም ነው?» አልኳት። «ቻ ቡ ዱዎ» አለችኝ። ፈገግ ብላ ነው ያለችው። እኔ «አዎ» ማለቷ መሰለኝ።

«ቻ ቡ ዱዎ» ማለት «ብዙም አይራራቅም» ማለት ነው።

ዕቃው ጅቡቲ ደርሶ፣ አዲስ አበባ ገብቶ፣ የሆቴሉ ሎቢ ላይ ተነጠፈ። ግማሹ ወተት፣ ግማሹ ቅቤ ሆነ። ባለቤቱ ፎቶ ልኮ ደወለልኝ። ምን እንዳለኝ እዚህ አልጽፈውም። ከኪሴ ከፍዬ ተገላገልኩ፣ የስድስት ወር ቁጠባዬ ሄደ። ጥፋቱ የፋብሪካው ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን ልጅቷ ነግራኛለች። ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

እኛስ እንዲህ አናደርግም? የማንችለውን ነገር ሲጠይቁን «እስቲ እናያለን» ብለን እንሸኛለን። እዚያም «እናጠናዋለን» ካሏችሁ ጉዳዩ ሞቷል ማለት ነው። «ሜይ ወንቲ» ሲሏችሁ፣ «ችግር የለም» ማለት ነው፣ «እሺ፣ አሳዩኝ» በሉ። አይቀየሙም። ጥያቄያችሁንም አዎና አይደለም በሚያስብል መንገድ አታቅርቡት። «አንድ ነው?» ከማለት «ስንት ዓይነት ቁጥር አለ?» ብል ኖሮ ልጅቷ ትነግረኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ቋንቋ መማር የጀመርኩት፤ እልህ ነው ያስጀመረኝ። ከባዱ ቃናው ነው። «ማይ» የሚለውን ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ስታነሱት መግዛት ይሆናል፣ ከላይ ወደ ታች ስትጥሉት መሸጥ ይሆናል። ለንግድ ለሄደ ሰው ከዚህ የባሰ ወጥመድ አለ? ግን እኛ ለዚህ እንግዳ አይደለንም። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው፣ ሲጠብቅ በዓል ነው። ጆሯችን ያንን ከለየ ይሄንንም ይለያል። የምትችሉ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ጀምሩት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቻይንኛ የሚያስተምር ኮንፊሺየስ ኢንስቲትዩት አለ።

በተሰባበረ ቻይንኛዬ መጀመሪያ የቀረብኩት የምድጃውን ሠራተኛ ነው። የእጅ ሙያ ያለውን ሰው «ሺፉ» ይሉታል፣ እኛ «ባለሙያው» እንደምንለው። የታክሲ ሾፌርም ሺፉ ነው፣ ቧንቧ ጠጋኙም ሺፉ ነው። ይህችን ቃል ያወቀ ሰው ብዙ በር ይከፈትለታል። ሽማግሌው ሁለት ሴራሚክ አንስቶ ፊታቸውን አገጣጠመና አንዱን ጥግ በአውራ ጣቱ ተጫነው። ተወዛወዘ። ጎብጧል ማለት ነው። ቀጥሎ ከተለያየ ካርቶን አሥራ ስድስት አውጥቶ ደጅ መሬት ላይ ደረደረና አምስት እርምጃ ወደኋላ ጎተተኝ። «ከላይ አትየው፣ ሰው ገብቶ እንደሚያየው እየው» አለኝ። ፋብሪካው ከሚሰጠው ብሮሹር ሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝ ይህ ነው። ሌላም ነገረኝ፦ ከፀደይ በዓላቸው፣ ማለትም ከአዲስ ዓመታቸው በፊት ባለው ወር የሚመረት ዕቃ ላይ ዓይንህን አትንቀል። ሠራተኛው ልቡ አገሩ ገብቷል።

ስለ ወረቀት ጉዳይ ቶሎ ብዬ ልለፍ፣ ግን እዚህ ላይ አትቀልዱ። ሆቴል ካልሆነ በቀር ቤት በገባችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ጋ መመዝገብ አለባችሁ። ቤት ስትቀይሩም እንዲሁ ነው። በሥራ ቪዛ ከገባችሁ በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ነው። በተማሪ ቪዛ ተደብቆ እንግሊዝኛ ማስተማር የሚባለውን ነገር አውቃለሁ፣ ብዙ ልጆች ያደርጉታል። ሕጉ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ያስቀጣል፣ ሲብስ እስር አለው፣ ከአገርም ያስወጣል። የሥራ ፈቃዳችሁ ከአንድ ቀጣሪ ጋር የታሰረ ነው፤ ስትለቁ መሰናበቻ ወረቀት ሳትይዙ አትውጡ። የግብር ወረቀታችሁን አንዲቷንም አትጣሉ፣ ዩዋኑን ወደ ዶላር ቀይራችሁ ለመላክ ባንኩ ይጠይቃችኋል። ጡረታ ሲቆረጥባችሁ ከነበረ ደግሞ ለቃችሁ ስትወጡ በግል ሂሳባችሁ ያለውን መጠየቅ ትችላላችሁ። እኔ ሳልጠይቅ ነው የወጣሁት። ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ስማችሁም ጣጣ አለው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የአባት ስም ነው ያለን። ባንኩ አንድ ጊዜ የአያታችሁን ስም ፊት ያደርገዋል፣ ሌላ ጊዜ ሦስቱን ያጣብቃል። ስልካችሁ ላይ ያለው ስም ከባንኩ ጋር በአንዲት ፊደል ከተለያየ የስልክ መክፈያዎቹ ዊቻትም አሊፔይም አይከፍሉላችሁም። በስልክ ካልከፈላችሁ ደግሞ ሽንኩርት መግዛት እንኳ ትቸገራላችሁ። የመጀመሪያው ቀን ፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን አጻጻፍ ያዙ፣ በየሄዳችሁበት እሱኑ ብቻ ስጡ። ሌላ ደግሞ፣ ዋትስአፕ፣ ቴሌግራምና ፌስቡክ እዚያ እንደልብ አይከፈቱም። ዊቻት መልእክት መላኪያም ነውና ሳትሄዱ እናታችሁ ስልክ ላይ ጫኑላት።

ምግብ ላይ ሁላችሁም የምትፈሩትን አውቃለሁ። «ሥጋ» ብቻ ካሉ አሳማ ማለት ነው። ሌላ ከሆነ የበሬ፣ የበግ ብለው ይለዩታል። ያዳነኝ የሙስሊሞቹ የላንዡ ኑድል ቤት ነው። ሠሪው እርሾ የሌለውን ሊጥ እያየኸው በእጁ እየጎተተ እንደ ፈትል ያቀጥነዋል። ባራኪው ማነው የሚለውን ጥያቄ ለየንስሐ አባታችሁ ትቻለሁ። በጾም ደግሞ «ዎ ቺ ሱ» በሉ፣ አትክልት ብቻ ነው የምበላው ማለት ነው። ለቡድሃ እምነት ብለው የሚጾሙ ሰዎች ስላሏቸው ነገሩ ይገባቸዋል። የቤተ መቅደሳቸው አካባቢ ያሉ ምግብ ቤቶች ከኛ ይበልጥ ይጠነክራሉ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ራሱ አያስገቡም። ሽንኩርት የሌለበት ዐቢይ ጾም! ሁለት ቀን ሞክሬው ተውኩት።

መንገድ ላይ ያፈጡባችኋል። «ላውዋይ» ይላሉ፣ እኛ «ፈረንጅ» እንደምንለው ነው። ሳይጠይቁ ፎቶ የሚያነሱም አሉ። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። ከዚያ የእኛ ሰፈር ልጆች መንገድ ሠሪውን ሁሉ «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ሲከተሉት ታወሰኝና ለቀቅ አልኩ። ሁሉም ግን እንዲህ በሳቅ የሚያልፍ አይደለም። ቤት ሊያከራይ ተስማምቶ፣ መልኬን ሲያይ «ተይዟል» ያለኝ አለ። ያንን በሳቅ ዋጡት አልላችሁም።

የኔ አከራይ ግን አንዲት መበለት ነበሩ። ሰው ሁሉ «አዪ» ይላቸዋል፣ እትዬ እንደማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኪራይ ከፍዬ በር እዘጋለሁ፣ ሰላምታዬ አንገት መነቅነቅ ነበር። መማር ከጀመርኩ በኋላ ደረጃ ላይ ይዘው ያናግሩኝ ጀመር። ለነገሩ የተማርኩት ማንዳሪን የሚባለውን የጋራ ቻይንኛ ነው፣ እሳቸው የለመዱት የጓንዡን ካንቶንኛ፤ ስለዚህ ሁለታችንም በሰው ቋንቋ ነው የምንንተባተበው። አንድ ቀን ቤቴ ገብተው ቧንቧ ሲያዩ ቁም ሳጥኑን ከፈቱት። ባዶ። አልጋው ስር ያለውን ሻንጣ አዩ፣ እኔን አዩ። «ነገ ነው እንዴ የምትሄደው?» አሉኝ። «አይደለም» አልኩ። «ታዲያ ልብስህ ምን አደረገህ?» አሉና ራሳቸው ሻንጣውን ጎትተው ሸሚዞቼን አንድ በአንድ ሰቀሉ። አርባ ዓመት ያለፈኝ ሰውዬ፣ እንደ ልጅ ቆሜ አየኋቸው።

በዚያ ዓመት ለፀደይ በዓል ጠሩኝ። ከዚያ በፊት ያንን ሰሞን ባዶ ከተማ ውስጥ ብቻዬን ኢንዶሚ እየቀቀልኩ ነበር የማሳልፈው። ዓሣ ቀረበ፤ ልጨርሰው ስል እጄን መቱኝ። ለከርሞ እንዲተርፍ ተብሎ ይተዋል። ቀይ ፖስታም ሰጡኝ፣ ውስጡ ሃያ ዩዋን አለ። ያገባ ላላገባ ነው የሚሰጠው። እኔ ደግሞ ሚስቴና ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው። ይህን ሲሰሙ ሳቁና ፖስታውን ተቀብለውኝ፣ «አንተ ነህ መስጠት ያለብህ» ብለው የልጅ ልጆቻቸውን አሰለፉብኝ።

ሚያዝያ 2020 ላይ ጓንዡ ውስጥ የሆነውን ሰምታችኋል። በኮሮና ሰበብ ብዙ አፍሪካውያን ከኪራይ ቤትና ከሆቴል ተባረሩ፣ ደጅ ያደሩ ነበሩ፣ ምግብ ቤት አናስገባም ያላቸው አለ። ጓደኞቼ በዚያ ውስጥ አልፈዋል፣ አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ስሟን መስማት አይፈልጉም፣ እውነት አላቸው። እኔም ከቻይና ውጭ ደርሼ ሳልመለስ ቤት ዘግተህ ተቀመጥ ተብዬ ነበር። አዪ የሰፈሩን ሰዎች ደረጃው ላይ በካንቶንኛ ሲጮሁባቸው ሰማሁ። ምን እንዳሉ አልገባኝም። ጠዋት በሬ እጀታ ላይ ፌስታል ተንጠልጥሎ አገኘሁ፦ እንቁላል፣ ቲማቲም፣ ባሮ። በማግስቱም። እስክወጣ ድረስ አልቀረም። ቋንቋ የሚያውቅ ሁሉ ተረፈ ማለቴ አይደለም፣ ከኔ የተሻለ የሚናገሩ ተባረዋል። እኔ ግን በሬ ላይ ያንን ያገኘሁት ያ ሻንጣ ስለተፈታ ይመስለኛል።

2022 ላይ ለቅቄ ስመጣ ቁልፉን ልመልስ ወረድኩ። አዪ ቁልፉን ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱና ብረት ፔርሙዝ አውጥተው ሰጡኝ፣ ከነውሃው። እዚያ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ አይጠጣም። ሆድህን አመመህ? ሙቅ ውሃ። ደከመህ? ሙቅ ውሃ። ስንት ዓመት ስቄባቸዋለሁ።

አሁን ቦሌ ካፌ ስገባ «ሙቅ ውሃ» እላለሁ። አስተናጋጇ ቆም ብላ ታየኛለች። «ሻይ ማለትዎ ነው፣ አባባ?»