ሚኒስትሩ የሚጠየቀው ለማን ነው?

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በሕግ ሥራ ጨርሼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ብዙ ወጣቶች ያማክሩኛል። ለውጥ ስትሉ በአብዛኛው የሚታያችሁ አዲስ ሕገ መንግሥት ነው። እስቲ የካናዳን ነገር ልንገራችሁ። ከእንግሊዝ ግዛት ሳትወጣ፣ አዲስ ሕግም ሳይታወጅላት የውስጥ አስተዳደሯን በእጇ አስገብታለች።

በ1791 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የላይኛው ካናዳ (የዛሬው ኦንታሪዮ፣ በብዛት እንግሊዝኛ ተናጋሪ) እና የታችኛው ካናዳ (የዛሬው ኩቤክ፣ በብዛት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ) ሕዝብ ምክር ቤት የመምረጥ መብት አገኘ። ዳሩ ግን ሹማምንቱን የሚሾመው ከለንደን የሚላከው ገዥ ነበር፤ ሹመቱም ከጥቂት ቤተሰቦች ደጅ አይወጣም። ምክር ቤቱ ቢጮህ ቢቃወም አንዱንም ሹም ማውረድ አይችልም። ምሬቱ በ1837 በፓፒኖና በማኬንዚ መሪነት ወደ አመፅ ተለወጠ፤ አመፁም ከሸፈ። የተሰቀሉ አሉ፤ እስከ አውስትራሊያ የተጋዙም አሉ። ነገሩን እንዲመረምር የተላከው ሎርድ ደርሃም በ1839 ሪፖርቱ ገዥው የምክር ቤቱ አብላጫ የሚደግፋቸውን ሰዎች እንዲሾም መከረ። በዚያው ሪፖርት ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ቀስ በቀስ እንግሊዛውያን እንዲሆኑም መክሯል። ብልህ ሰው ያለውን ሁሉ አትዋጡ የምላችሁ ለዚህ ነው።

ሁለቱ ግዛቶች በ1841 ተዋሃዱ። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ መሪ ላፎንቴን በአካባቢው ሊወዳደር ሲል ዱላ የያዙ ተቃዋሚዎች የምርጫውን ቦታ ያዙበት። ያን ጊዜ የላይኛው ካናዳው ጠበቃ ሮበርት ባልድዊን በቶሮንቶ አጠገብ ካለ ወረዳ እንዲመረጥ አደረገው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ፈረንሳይኛ ተናጋሪውን ካቶሊክ መርጠው ላኩት! ባልድዊን በተራው ወንበር ሲያጣ፣ በ1843 የሪሙስኪ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች መረጡት። እሱ ፈረንሳይኛው ደካማ ነበር፤ ልጆቹን ግን እንዲማሩት ኩቤክ ልኳቸዋል።

በ1842 ሁለቱ ወደ መንግሥት ገቡ። በዓመቱ አዲሱ ገዥ ሜትካፍ ሳያማክራቸው ሹመት መስጠት ጀመረ። እነሱም ከአንድ ሰው በቀር ከነባልደረቦቻቸው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ለሹመት ብሎ ወንበር መልቀቅ ኩርፊያ ይመስላል፤ በሕግ ሥራ ለኖረ ሰው ግን የነገሩ ሥር እዚያ ነው። ሹሙን የሚሾም፣ ሹሙን ያዛል። በ1844ቱ ምርጫ የገዥው ወገን አሸነፈና ዓመታት በተቃዋሚ ወንበር ቆዩ። ከእናንተ ስንቱ ይህን ያህል ይታገሣል?

በሌላዋ የእንግሊዝ ግዛት በኖቫ ስኮሺያ ደግሞ ጋዜጠኛው ጆሴፍ ሃው ተመሳሳይ ትግል ይዞ ነበር። በ1835 በስም ማጥፋት ተከስሶ ራሱ ተከራክሮ ነጻ ወጣ፤ በ1839 ለለንደን በጻፋቸው ግልጽ ደብዳቤዎችም የጠየቀው ለምክር ቤት የሚጠየቅ መንግሥት ነው። በየካቲት 1848 ከሁሉ ቀድሞ እንዲህ ያለ መንግሥት ያገኘውም የሱ ግዛት ነው። በመጋቢት ባልድዊንና ላፎንቴን የምክር ቤቱን አብላጫ ይዘው መንግሥት በመመሥረት ተከተሉ። ለንደን በቸርነት ብቻ የለቀቀች እንዳይመስላችሁ፤ በ1846 የእህል ቀረጥ ሕጓን ከሻረች በኋላ ቅኝ ግዛቶቿን አጥብቃ የምትይዝበት የንግድ ምክንያት ላልቶ ነበር።

ፈተናው በ1849 መጣ። በአመፁ ጊዜ ንብረታቸው ለጠፋ የታችኛው ካናዳ ሰዎች ካሣ የሚሰጥ ሕግ ምክር ቤቱ አጸደቀ። ገዥው ሎርድ ኤልጂን ሕጉን አልወደደውም፤ ሆኖም ሚኒስትሮቹ የአብላጫው ድጋፍ ስለነበራቸው ፈረመ። ለእንግሊዝ ዘውድ ታማኝ ነን ባዮች የሞንትሪያል ሰዎች በእንቁላል ደበደቡት፤ የፓርላማውን ሕንጻም ከነቤተ መጻሕፍቱ አቃጠሉት። ለንደን ግን ከኤልጂን ጎን ቆመች።

የውጭ ጉዳይ እዚያው ለንደን ቀረ። የአገሩን ነባር ሕዝቦች ደግሞ በዚህ ሁሉ ክርክር ማንም አልጠየቃቸውም፤ ስለ መሬታቸው ሌሎች መወሰናቸውን ቀጠሉ። ይህን ታሪክ ስታነቡ ከ1837ቱ ጠመንጃ ሳይሆን ከ1843ቱ የሹመት ጠብ ጀምሩ።