ስለ ማግኒዥየም ጠይቁኝ፤ ኩላሊታችሁን ግን አስቀድማችሁ ንገሩኝ

ደሴ ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ። ሰሞኑን በር የሚከፍተው ሁሉ «ማግኒዥየም አለ?» ነው የሚለው። ዛሬ ማታ ጠይቁኝ። ኩላሊት የሚያመው ሰው ግን ያለ ሐኪም አይጀምር፤ ትርፉ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው።

ከሆጤ፦ ሌሊት ባቴን ጭምድድ አድርጎ ይይዘኛል። ስንት ልውሰድ?

መልስ፦ ዕድሜህ? ኩላሊትህ? ሳትነግረኝ ስንት ልበልህ? ለሌሊት የባት መሸማቀቅ ደግሞ ያን ያህል አይረዳም።

ከኮምቦልቻ፦ እህቴ፣ ከምግብ ብቻ አይበቃም?

መልስ፦ አሁን መጣሽልኝ! ለአዋቂ ሴት በቀን ከ310 እስከ 320 ሚሊግራም፣ ለወንድ ከ400 እስከ 420 ይበቃል። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ብቻውን ወደ 180 አለው። ሽሮ፣ ምስር፣ ተልባ፣ ሰሊጥ ጨምሪበት። እህል ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር ማግኒዥየሙን አስሮ ይይዘዋል፤ ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ግን ይቀንሳል። እናቶቻችን ሳያውቁት ሠርተውታል። የነጭ ዱቄት ዳቦ ላይ ግን ፉርሽካው ሲወጣ ማግኒዥየሙም አብሮ ይወጣል። ላሟ ትበላልናለች።

ሁሉንም የሚያስከነዳው የዱባ ፍሬ ነው። የተፈለፈለ አንድ እፍኝ ወደ 150 ሚሊግራም አለው። ቅዳሜ ጎረቤቴ ዱባ ከትፋ ፍሬውን ልትደፋ ስትል ደረስኩ። ለምኜ ወሰድኩት። አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ ምጣድ ላይ ቆላሁት። መንጣጣት ሲጀምር ጨው ነካ አደረግኩበት። ለቡና ቁርስ ቀረበ፤ ሁለተኛው ሳይቀዳ አለቀ።

ከሰኞ ገበያ፦ ጤፍ ካላችሁ ቀዩ ነው። ነጩ ለይሉኝታ ነው።

ከፒያሳ፦ እኔ ለእንግዳም ሰርገኛ ነው የምጋግረው፤ ዋጋውን አይታችሁታል?

ከሰኞ ገበያ፦ ወሎ ላይ ለእንግዳ ሰርገኛ? ወላሂ አፈርኩልሽ!

መልስ፦ የእንግዳውን ነገር ሌላ ቀን። ቀዩም ነጩም አለው። ቀጣይ።

ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፦ ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ ታዞልኛል፤ ከማግኒዥየም ጋር አብሬ ልዋጠው?

መልስ፦ በፍጹም! ሆድ ውስጥ ይያያዙና ሲፕሮው ሳይሠራ ይቀራል። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክም እንደዚያው። ሲፕሮውን ከማግኒዥየሙ 2 ሰዓት ቀድመህ ወይም 6 ሰዓት ቆይተህ ውሰድ። ለቃር የምትጠጡት ነጭ ፈሳሽም ብዙውን ጊዜ ማግኒዥየም አለበት፤ እሱም ይቆጠራል።

ከኮምቦልቻ፦ በረመዳንስ?

መልስ፦ ከኢፍጣር ጋር።

ከፒያሳ፦ ከማግኒዥየም እንክብል ዓይነቶች ኦክሳይዱ ይሻላል ወይስ ሲትሬቱ?

መልስ፦ ኦክሳይድ ርካሽ ነው፤ አንጀት ግን በደንብ አይመጠውም። ሲትሬት ይሻላል። ሁለቱም ሲበዙ ያስቀምጣሉ። ሐኪም ካላዘዘ ከእንክብል በቀን ከ350 ሚሊግራም አትለፉ። ኩላሊት ያለበት ደግሞ... ብያለሁ።

ከሆጤ፦ የኔን ረሳሽው። ስንት ልውሰድ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለሁለተኛ ጊዜ፦ ዕድሜ? ኩላሊት?

ከሆጤ፦ 63 ነኝ። ስኳር አለብኝ። ኩላሊትህ ትንሽ ደከም ብሏል ብለውኛል። ልጄ የላከልኝን ሁለት ሁለት እየዋጥኩ ነው።

መልስ፦ ውይ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ «አንተ» እያልኩ። ግን ይሄን መጀመሪያ አይሉኝም? ከአሁን ጀምሮ እንዳይነኩት። ጠዋት ጠርሙሱንና የምርመራ ወረቀትዎን ይዘው ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ። የዱባ ፍሬውንም ቢሆን ሳይጠይቁ እንዳይጀምሩ።