ከቆጥ የወረደ ጊታር፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ለእንቁጣጣሽ ቤት ሲጸዳ ከቆጥና ከአልጋ ስር የማይወጣ ነገር የለም። ሰሞኑን ከባሕር ዳርና ከአካባቢዋ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አሮጌ ጊታር ናቸው። በጣም ደስ ብሎኛል። የእኔም የመጀመሪያ ጊታር የተገኘው ለቆራሌው ሊሰጥ ከተዘጋጀ ክምር ውስጥ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉውን ለእናንተ ጊታሮች ሰጥቻለሁ።

«ከአያቴ ቤት ቆጥ ላይ ጊታር አገኘሁ። አቧራና የሸረሪት ድር ወርሶታል። የቀረው ሁለት ክር ብቻ ነው። ዛሬውኑ አዲስ ክር ልግጠምለት?» (ከሽምብጥ)

ቆይ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ የቀሩትን ሁለት ክሮች አላላቸው። ለዓመታት ሳይነካ የተቀመጠ ጊታር ውስጡ ምን እንደሆነ አይታወቅም። ድንገት ስድስት ክር ወጥረህ ብትጭንበት የላላው ቦታ ይለቃል።

ቀጥሎ አቧራውን አውጣ። እፍኝ ጥሬ ሩዝ በቀዳዳው ጨምርና ቀስ ብለህ ወዲያ ወዲህ አወዛውዘው። የፎገራ ሩዝ ቅርባችን ነው፣ ከዚህ የተሻለ መጥረጊያ የለም። ሩዙን ስታራግፈው አቧራውንና ድሩን ይዞ ይወጣል። ከዚያ የስልክህን መብራትና ትንሽ መስተዋት ይዘህ ውስጡን እይ። ከፊቱ ጣውላ ስር የተለጠፉ ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች አሉ። ጣውላውን በጣትህ አንጓ ቀስ እያልክ አንኳኳ። የሚንዛዛ ድምፅ ከሰማህ አንዱ ዘንግ ለቋል ማለት ነው።

አሁን ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። እንጨቱ ሦስት ወር ሙሉ እርጥበት ሲጠጣ ከርሟል። እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ አየር በሚገባበት ክፍል ውስጥ አስቀምጠው። ጣና ዳር ዓሣ አጥማጆች ታንኳቸውን አቁመው ፀሐይ ላይ ሲያደርቁ አይተሃል። ደንገል ፀሐይ ይችላል፣ ጊታር አይችልም። የድሮ ጊታሮች ብዙዎቹ የተጣበቁት ከቆዳና ከአጥንት በሚሠራ ሙጫ ነው። ይህ ሙጫ ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ ይለሰልሳል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ያንን ያህል ሙቀት በቀላሉ ይገኛል።

«የገዛሁት አሮጌ ጊታር ክሩ የታሰረበት እንጨት ከኋላው ተነስቷል። ፊቱም እንደ ሆድ አብጧል። ሱፐር ግሉ ላድርግበት?» (ከፔዳ)

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ልቤን ነካው። ምክንያቱም በአገራችን ብዙ ጊታር የሚሞተው በዚህ በሽታ ነው።

መጀመሪያ ጊታርህ የትኛው ዓይነት እንደሆነ እወቅ። ክሩ ብሪጁ ላይ (ክሩ የሚታሰርበት እንጨት ነው) በቀዳዳ አልፎ የሚቋጠር ከሆነና የጊታሩ ራስ፣ መቃኛዎቹ ያሉበት ጫፍ፣ ሁለት ረጃጅም ክፍተቶች ካሉት፣ አንገቱም ሰፊ ከሆነ (ከላይ ወደ 52 ሚሊሜትር ገደማ)፣ ክላሲካል ነው። የተሠራው ለናይለን ክር ነው። ክሩ በትናንሽ ችንካሮች የሚያዝ ከሆነና አንገቱ ወደ 43 ሚሊሜትር ከጠበበ ግን የብረት ክር ጊታር ነው።

ልዩነቱ የድምፅ ብቻ አይደለም። ስድስት የናይለን ክሮች ሲቃኙ በጠቅላላው ወደ 40 ኪሎ ይስባሉ። የብረት ክሮች ደግሞ ወደ 70 ኪሎ። ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ በላይ ነው! ክላሲካሉ ይህን ሸክም ቀንና ሌሊት እንዲሸከም አልተሠራም። ገበያ ላይ የብረት ክር በቀላሉ ስለሚገኝ ሰው ይገጥምለታል። ከዓመት በኋላ ሆዱ ያብጣል፣ ብሪጁ ይነሳል፣ አንገቱ ይጎብጣል። አንተ የነገርከኝ ምልክት ይህንን ይመስላል።

ናይለን ጥንት የነበረ ነገር አይደለም። የመጣው በፈረንጆች 1940ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት የክላሲካል ጊታር ቀጫጭን ክሮች ልክ እንደ በገናችን ከአንጀት ይሠሩ ነበር። ታዲያ የበገና ልጆች ሆነን ብረት መጫናችን ያሳዝነኛል።

ሱፐር ግሉ በፍጹም አታድርግ። እኔ አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በኋላ በትክክል ልጠግነው ስሞክር የፊቱ እንጨት ከብሪጁ ጋር ተገሽልጦ ወጣ። ትክክለኛው መንገድ እንዲህ ነው። ክሩን በሙሉ አውጣ። ብሪጁን በሞቀ ነገር አለስልሰህ በቀጭን ቢላ ቀስ እያልክ አላቀው። የድሮውን ሙጫ ከሁለቱም ወገን እስከ እንጨቱ ድረስ አጽዳ። ነጭ ኮላ በድሮ ሙጫ ላይ በደንብ አይዝም። ከዚያ የአናጢ ነጭ ኮላ ቀብተህ አጥብቀህ እሰርና አንድ ቀን ሙሉ ተወው።

ቦታውን ስትመልስ በዓይን አትገምት። ከአንገቱ ጫፍ፣ ክሩ ከሚያርፍበት፣ እስከ 12ኛው ፍሬት (ፍሬት አንገቱ ላይ በአግድም የተደረደረው የብረት ዘንግ ነው) ለካ። ያንን እጥፍ አድርገህ 2 ሚሊሜትር ያህል ጨምር። ክሩ የሚያርፍበት የብሪጁ አጥንት መዋል ያለበት እዚያ ነው። ከዚህ ከተዛነፈ ጊታሩ ዕድሜ ልኩን አይቃኝም።

ይህን ራስህ ለመሥራት ካልደፈርክ በገና ወይም ክራር የሚሠራ ሰው ፈልግ። ጥሩ የቁምሳጥን አናጢም ይችላል፣ ግን አጠገቡ ቁም። ምስማር እንዳይመታበት ንገረው።

«አባቴ በወጣትነቱ ከሩሲያ አስተማሪ የተሰጠው ጊታር አለን። መቃኛው ሰባት ነው። አንዱ በስህተት የተጨመረ ነው?» (ከፖሊ አካባቢ)

ስህተት አይደለም እህቴ። ሰባት ክር የሩሲያ ጊታር ባሕርይ ነው። ፖሊ ቴክኒክ በ1963 በፈረንጅ አቆጣጠር የተከፈተው በሶቪየት ኅብረት ትብብር ስለነበር፣ እንዲህ ያለ ጊታር ባሕር ዳር መገኘቱ አልገረመኝም። ቅኝቱ ከወፍራሙ ጀምሮ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ ነው። ሳትይዢው ብትመቺው እንኳ ሙሉ ኮርድ፣ አብረው የሚስማሙ ድምፆች፣ ይሰጥሻል።

አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ከጀርባ እይው። ብዙዎቹ እዚያ ላይ የብሎን ጭንቅላት አላቸው። ክሩ ከፍሬቱ በጣም ርቆ ጣት የሚያሳምም ከሆነ፣ ክሩን አላልተሽ በዚያ ብሎን አንገቱን በትንሹ ማዘንበል ይቻላል። ለሌሎች ጊታሮች ትልቅ ቀዶ ጥገና የሆነው ነገር ለአንቺ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሰባተኛውን መቃኛ ግን እንዳትነቅዪው፣ አደራ።

«ዕድሜውን በምን አውቃለሁ?» (ከአባይ ማዶ)

በቀዳዳው ውስጥ የተለጠፈውን ወረቀት አንብብ። የምሥራቅ ጀርመን ስም ካለበት ከ1990 ወዲህ ሊሆን አይችልም፣ አገሩ ራሱ የለም። ሶቪየት ኅብረት ካለ ከ1992 በፊት ነው። ቼኮዝሎቫኪያ ካለ ከ1993 በፊት። ያማሃ ሆኖ ኒፖን ጋኪ የሚል ካለበት ደግሞ ኩባንያው ስሙን ከቀየረበት ከ1987 በፊት የተሠራ ነው። እነዚህ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አንድ አንባቢ ወረቀቱ ላይ 1974 አይቶ «የአብዮቱ ዓመት ነው» ብሎኛል። ልክ ነው፣ በእኛ ግን 1966 ወይም 1967 ነው።

«ነቀዝ በልቶታል። ይጣል?» (ከዘጌ)

ገና አይጣል። ጥቁር ጨርቅ ላይ ለሁለት ሳምንት አስቀምጠው። አዲስ ዱቄት ካልወረደ ነቀዙ ድሮ ሄዷል፣ የቀረው ቀዳዳ ብቻ ነው። ዱቄት ከወረደ ከሌሎች የእንጨት ዕቃዎች ለየው። የዓሣ ፍሪዘር ውስጥ ክተተው የሚሉህን አትስማ። ነቀዙ ሊሞት ይችላል፣ ቫርኒሹም አብሮ ሊሰነጣጠቅ ይችላል።

«ክሩ አንገቱ ጫፍ ላይ የሚያርፍበት ፕላስቲክ ተሰብሯል። የት ይሸጣል?» (ከህዳር 11 ሰፈር)

አትግዢ። ለመስቀል ቅርጫ ስትገቡ የበሬውን ቅልጥም አስቀሪ። ሥጋውና ስቡ በደንብ ይውጣለት፣ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፣ ከዚያ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ቅርጽ ይያዝ። ውድ ጊታሮች የሚጠቀሙት ይህንኑ አጥንት ነው።

«የታናሽ ወንድሜ ጊታር ነው። ሄዶ አልተመለሰም። ጀርባው ላይ ስሙን በቢክ ጽፎበታል። ልጆቼ ተፍቆ ቫርኒሽ ይቀባ ይላሉ። ምን ይሻላል?» (ከባሕር ዳር፣ እናት)

እናቴ፣ አይፋቅ። ከዕቃው አንጻር ብቻ ባየው እንኳ መልሴ አንድ ነው። ወፍራም አዲስ ቫርኒሽ የፊቱን ጣውላ ያከብደዋል፣ ድምፁን ያፍነዋል። ልጆችዎ መርዳት ከፈለጉ የናይለን ክር ይግዙለት፣ የዛገውን መቃኛ ጠብታ ዘይት ያድርጉለት። ቆሻሻውን በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ይጥረጉትና ወዲያው በደረቅ ያድርቁት። ስሙ ያለበትን ቦታ ግን በጨርቁም አይንኩት።