“እርግጠኛ አይደለሁም” የሚባልበት ላብራቶሪ

በቀደም እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሠፈር፣ አንዲት የሠፈራችን ልጅ ዛፍ ሥር አገኘችኝ። ኬሚስትሪ ታጠናለች፤ ለእረፍት ነው የመጣችው። ስትመረቅ እኔ የሠራሁበት ዓይነት ፎረንሲክ ላብራቶሪ፣ የወንጀል ማስረጃ የሚመረመርበት ቤት፣ መግባት ትፈልጋለች። ስለ ማሽን ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን በድሬ ልማድ “አንተ” እያለች ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። “ጋሼ፣ እዚያ ውስጥ ሰው ሲሳሳት አለቃው ምን ያደርገዋል?”

በአጭሩ መለስኩላት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንድ የድሮ ባልደረባዬን አስታወሰችኝ። እንደሷ ወደዚህ ሙያ ለመግባት ለምታስቡ ሁሉ ስለሱ ልጻፍላችሁ።

የሐረር ልጅ ነበር፤ ጀጎል ውስጥ ተወልዶ ያደገ። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም። እኔ እንደ ድሬ ልጅ አወራለሁ፣ እሱ ያዳምጣል። መርዝ ምርመራ ክፍል ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ተጋርተን ነበር የምንሠራው። ያኔ የዛሬው ዓይነት መሣሪያ አልነበረንም። ሥራችን በአብዛኛው በቲን ሌየር ክሮማቶግራፊ ነበር።

አይታችሁት ለማታውቁ ላስረዳ። በሲሊካ የተለበጠ የመስታወት ሳህን አለ። ግርጌው ላይ ከናሙናው ትንሽ ጠብ ታደርጋላችሁ። አጠገቡ የታወቀውን መርዝ፣ ስታንዳርድ የምንለውን ታደርጋላችሁ። ሌላም አለ፤ ብላንክ። ብላንክ ምንም መርዝ የሌለበት ነው፤ ግን እንደ ናሙናው በዚያው ዕቃና በዚያው ፈሳሽ ያልፋል። ከዚያ ሳህኑን ሶልቨንት፣ አሟሚ ፈሳሽ፣ ውስጥ ታቆማላችሁ። ፈሳሹ ሽቅብ እየወጣ ነጥቦቹን ይዞ ይሄዳል። ማቅለሚያ ትረጩበታላችሁ። የናሙናው ነጥብ ከስታንዳርዱ ጋር እኩል ቁመት ላይ ከታየ “ሊሆን ይችላል” ትላላችሁ። ብላንኩ ግን ባዶ መሆን አለበት። እዚያ ነጥብ ካለ፣ ናሙናው ላይ ያያችሁትንም ማመን አትችሉም።

አንድ ቀን ባሏን መርዛ ገድላለች የተባለች የገጠር ሴት ጉዳይ መጣ። የሟቹ የጨጓራ ይዘት በጠርሙስ ታሽጎ ደረሰን። ቤቷ ማላታዮን ተገኝቷል ይላል ደብዳቤው። ማላታዮን የተባይ መድኃኒት ነው፤ ገበሬ ቤት መገኘቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ሴትዮዋ ታስራለች። መርማሪው ነጋ ጠባ ይደውላል።

ምርመራውን የሠራው እሱ ነው። ነጥቡ በማላታዮን ቁመት ላይ ታየ። ሁላችንም ያለቀ መሰለን። እሱ ግን ሳህኑን ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደና ብዙ ቆየ። ከዚያ ጠራኝና “ብላንኩን እየው” አለኝ። ደብዘዝ ያለች፣ ሰው ሊያልፋት የሚችል ነጥብ ነበረች።

ሳህኑን ይዞ ኃላፊያችን ጋ ሄደ። ኃላፊያችን ክፉ ሰው አልነበረም። ሠራተኛ ሲታመም ከኪሱ አውጥቶ ያሳክማል። ግን ከላይ ይገፉታል፤ የተከመረው ሥራ ያስጨንቀዋል። የዚያን ቀን ሁላችንም ቆመን በምንሰማበት ጮኸበት። “ውጤት ነው የጠየቅኩህ፣ ጥርጣሬ አይደለም!” አለው። ስለ ችሎታው ደግሞ እዚህ የማልጽፈውን ጨመረበት። እንዲያ የተሰደበው ከመካከላችን በጣም ጠንቃቃው ሰው ነበር። ሳህኑን እንደያዘ “እሺ” ብሎ ወጣ።

ማታ ሁለታችን ቀረን። ሶልቨንቱን ለብቻው፣ ፒፔቶቹን ለብቻ፣ ፍላስኮቹን በየተራ ፈተሽን። እኩለ ሌሊት ገደማ ተገኘ። ስታንዳርድ የተዘጋጀበት ፍላስክ በደንብ ሳይታጠብ ከንጹሖቹ ጋር መደርደሪያ ላይ ተመልሷል። ማን እንደመለሰው አናውቅም። ሌላ ዕቃ አጥበን፣ በአሴቶን አለቅልቀን፣ ከተረፈው ናሙና እንደገና ሠራን። ብላንኩ ባዶ ሆነ። ናሙናውም ባዶ ሆነ። ማላታዮን የሚባል ነገር የለም።

ሪፖርቱ እንደዚያው ተጽፎ ወጣ። ሴትዮዋ መፈታቷን በኋላ ሰማን።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ያ ሰው ሥራውን ቀጠለ፤ እጁም እንደ ድሮው ጠንቃቃ ነበር። መናገር ግን ተወ። የሚጠራጠረው ነገር ሲገጥመው ለማንም ሳይነግር እያመሸ ለብቻው ይደግመዋል። ምሳ አብሮን መብላት ቀረ። ከስቶ ነበር። “ምን ሆነሃል?” ሲባል “ሥራ በዛ” ይላል። አንድ ሰኞ የመልቀቂያ ደብዳቤውን አስገባ። ፈረስ መጋላ አካባቢ ጨርቅ መሸጥ ጀመረ። ሐረር በሄድኩ ቁጥር እጠይቀዋለሁ። ሻይ ያስመጣል፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል። ስለ ላብራቶሪው ግን አንድ ቀን እንኳ አንስቶ አያውቅም።

እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያቺን ነጥብ ያየ ዓይን በቀላሉ አይተካም። ደግሞ የዚያን ቀን ስድቡን ቆመው የሰሙ ጀማሪዎች ነበሩ። ብላንኩ ላይ የሚያዩትን ለራሳቸው መያዝ የተማሩት ያኔ ነው። አበው “ዝም አይነቅዝም” ይላሉ። ላብራቶሪ ውስጥ ግን ዝምታ ይነቅዛል።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይምሰላችሁ። በፈረንጆቹ 2004 ማድሪድ ውስጥ ባቡሮች ላይ ፈንጂ ፈንድቶ ከ190 በላይ ሰው ሞተ። የፈንጂ ማቀጣጠያ ከነበረበት የላስቲክ ከረጢት ላይ የተገኘ የጣት አሻራ ለአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ለኤፍቢአይ፣ ተላከ። እዚያ ያሉ አንቱ የተባሉ ባለሙያዎች “የኦሪገኑ ጠበቃ የብራንደን ሜይፊልድ ነው” አሉ። አንዱ ወሰነ፤ ሌሎቹ የእሱን መልስ እያወቁ አረጋገጡ። የስፔን ፖሊስ አይደለም ቢልም አልሰሙትም። ሰውዬው ሁለት ሳምንት ገደማ ታሰረ። ስፔኖች አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን ሲያሳውቁ ኤፍቢአይ ይቅርታ ጠየቀ። በኋላ የተደረገው ግምገማ የጠቆመው፣ የመጀመሪያው ባለሙያ አንዴ ከወሰነ በኋላ እሱን መቃወም በዚያ ቤት የሚጠበቅ ነገር እንዳልነበረ ነው። መሣሪያ አጥተው አይደለም። ሰው ነው ያጡት፣ “እኔ አልመሰለኝም” የሚል ሰው።

እዚያው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ደግሞ አኒ ዱካን የምትባል የዕፅ መርማሪ ነበረች። ከባልደረቦቿ ሁሉ በላይ ብዙ ናሙና ትጨርሳለች፤ አለቆቿ ይወዷታል። ባልደረቦቿ “እንዴት ነው እንዲህ የምትፈጥነው?” ብለው ሥጋታቸውን ቢናገሩም የሚሰማ አልተገኘም። ለካ ያልመረመረችውን መርምሬያለሁ እያለች ትፈርም ነበር። በፈረንጆቹ 2012 ጉዱ ወጣ። በ2017 ከ21,000 በላይ ክሶች ተሰረዙ። የአንዱን አለቃ ቁጣና የሌላውን ምስጋና አስቡት። ሁለቱም ሠራተኛውን የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ ቶሎ ጨርስ።

ጓንት አድርጉ፣ የኤግዚቢት ርክክብ በፊርማ ይሁን አልላችሁም። እሱን ማንም ያስተምራችኋል። የማይነገራችሁ ስለ ውስጣችሁ ነው።

በማስረጃነት የመጣ የሕፃን ልብስ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትከፍቱ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ይለመዳል ይባላል። አይለመድም፤ ይቀመጣል። ቤት ገብታችሁ ለባል ለሚስት እንዳትናገሩ የሥራው ምስጢር ይከለክላችኋል። የደቻቱ ወንዝ የሞላ ጊዜ፣ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ንጋት፣ እዚሁ ድሬ ነበርኩ። ጎርፉ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። አስከሬን ከአሸዋ ውስጥ የሚያወጡት የሠፈር ጎረምሶች ነበሩ። ጎበዞች ነበሩ፣ አልቅሰውም አላየኋቸውም። ከመካከላቸው አንዱን ከዓመታት በኋላ አግኝቼው “ዝናብ ሲያጉረመርም እስከ ዛሬ አልተኛም” አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት “እንዴት ነህ?” ብሎ የጠየቀው እንደሌለም ነገረኝ። እኛም ላብራቶሪ ውስጥ እንደዚያው ነበርን። “ቻለው” ነበር መድኃኒታችን።

እናንተ “ስትሬስ አለብኝ” ማለት ታውቃላችሁ። መጀመሪያ ስሰማ አልወደድኩትም ነበር። አሁን እቀናባችኋለሁ። የደከመ ሰው ብላንኩ ላይ ያለችውን ነጥብ አያይም። ሌሊቱን ያልተኛ ኬሚስት የናሙና ቁጥር ይገለብጣል። ስለዚህ “ዛሬ አልቻልኩም፣ ይህን ጉዳይ ሌላ ሰው ይያዝልኝ” ማለት የሥራው አካል ነው። ግን ደግሞ አንዳንዶቻችሁ አለቃ ባረማችሁ ቁጥር ትከፋላችሁ። ሪፖርታችሁ ሦስቴ ሲመለስባችሁ ሥራ ልልቀቅ ትላላችሁ። እሱን ቻሉት። ስድብና እርማት የተለያዩ ናቸው። እርማትን መቻል ያቃተው ሰው መስቀለኛ ጥያቄ ሲመጣበት ፍርድ ቤት ላይ ይፈርሳል።

ሌላም የምታዘባችሁ ነገር አለ። ማሽን ታምናላችሁ። ጂሲ ኤምኤስ የሚባለው የዛሬው መመርመሪያ ማሽን ያተመውን ወረቀት ይዞ የሚሮጥ ልጅ ብዙ አይቻለሁ። ካለፈው ናሙና የተረፈ ነገር እዚያም ውስጥ ይቀራል፤ ብላንክ እዚያም አለ። እዩት።

አለቃ የምትሆኑበት ቀንም ይመጣል። ያኔ ሳህን ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥማችሁ ከአፋችሁ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል “አሳየኝ” ይሁን። የምትቆጡ ከሆነ በር ዝጉና ለብቻው ንገሩት። መርማሪና ዐቃቤ ሕግ ሲደውሉ ስልኩን እናንተ አንሱ፤ ወደ ጠረጴዛው አታሳልፉት። የሕፃናት ጉዳይ አንድ ሰው ላይ እንዳይከማች አዟዙሩ። ሁለተኛ የሚያረጋግጠው ሰው የመጀመሪያውን መልስ ሳያውቅ ይመርምር። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሥራ ልትገቡ ለምታስቡት አንድ ነገር ልጨምር። አይኤስኦ 17025 የሚባለው የላብራቶሪ መመዘኛ ከሥርዓት የወጣ ሥራ ሲያጋጥም ምን እንደሚደረግ እንዲጻፍና ተመዝግቦ እንዲያዝ ያዛል። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ “ጥያቄ አለሽ ወይ? አለህ ወይ?” ትባላላችሁ። ስለ ደሞዝ ከመጠየቃችሁ በፊት ያ መዝገብ መኖሩን ጠይቁ። ከቻላችሁም እንዲያሳዩአችሁ ለምኑ። ዓመቱን ሙሉ አንድም ነገር ካልተጻፈበት እዚያ ያሉት ሰዎች ፈርተዋል። ገልጦ “እዚህ ጋ ይህን ተሳስተን ነበር፣ እንዲህ አረምነው” ብሎ የሚያሳያችሁ ኃላፊ ካገኛችሁ ደሞዙ ትንሽ ቢያንስም እዚያ ግቡ።