«የስፖርት ሳይንስ ተምሬ ከማስተማር ሌላ ምን እሠራለሁ?»

ውድ እኅቴ፣

በጅማ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ መሆንሽን ገልጸሽ የላክሽልኝን ደብዳቤ በጥሞና አንብቤዋለሁ። አገሮች ሕዝባቸው ይበልጥ እንዲንቀሳቀስ ስለሚያወጡት ብሔራዊ ስትራቴጂ በክፍል ከተማርሽ ወዲህ ልብሽ ወደዚያ ሥራ ማዘንበሉን፣ በጅማው መርካቶ ሱቅ ያለው ታላቅ ወንድምሽ ግን «ስፖርት ተምሮ ከአስተማሪነት ሌላ ምን አለ?» እያለ የትምህርት ክፍል እንድትቀይሪ እንደሚወተውትሽ ጽፈሻል። እንዲህ ያለ ሥራ በእርግጥ መኖሩን፣ ካለም ከየት እንደሚጀመር ጠይቀሽኛል።

ሥራው አለ። ነገር ግን «የአካል እንቅስቃሴ ስትራቴጂ ባለሙያ» የሚል የቅጥር ማስታወቂያ እጠብቃለሁ ብትዪ ዓመታት ሊያልፉብሽ ይችላሉ፤ ምክንያቱም ሥራው በአንድ መሥሪያ ቤት አልተሰበሰበም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ያወጣውንና እስከ 2030 የሚዘልቀውን ዓለም አቀፍ የድርጊት ዕቅድ ተመልከቺ። ዕቅዱ በቂ እንቅስቃሴ የማያደርጉ ሰዎችን ድርሻ በ15 በመቶ ለመቀነስ ግብ ጥሎ 20 የፖሊሲ እርምጃዎችን ይዘረዝራል፤ ከእነዚህ ውስጥ አንድ የስፖርት ጽሕፈት ቤት ብቻውን ሊፈጽማቸው የሚችሉት ጥቂቶች ናቸው። የእግረኛ መንገዱን የሚሠራው የከተማ አስተዳደሩ ነው፤ የተማሪዎችን የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ የሚወስነው የትምህርት ዘርፉ ነው፤ የደም ግፊት ያለበትን ሰው «በየቀኑ ተራመድ» ብሎ የሚመክረው የጤና ባለሙያው ነው። በአገራችንም ነገሩ እንዲሁ ተከፋፍሎ ይገኛል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የስፖርት ፖሊሲ ኅብረተሰቡ በሚኖርበት፣ በሚሠራበትና በሚማርበት አካባቢ በስፖርት እንዲሳተፍ ይላል፤ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን የመከላከሉ ዕቅድ በጤና ሚኒስቴር እጅ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2020 እስከ 2029 የሚሠራው የእግረኞችና የብስክሌት ትራንስፖርት ስትራቴጂ ደግሞ የትራንስፖርቱ ዘርፍ ነው። በእኔ አስተያየት የጎደለው ሰነድ ሳይሆን የሦስቱንም ቋንቋ የሚችል፣ አንዱን መሥሪያ ቤት ከሌላው ጋር የሚያገናኝ ሰው ነው፤ አንቺም መሆን ያለብሽ ያንን ሰው ነው።

ለዚህ ከሁሉ በፊት መማር ያለብሽ መለካትን ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የስፖርት ተመራቂዎቻችን ስለ ሥልጠና ብዙ አውቀው ይወጣሉ፣ የአንድን ቀበሌ ሕዝብ እንቅስቃሴ ለክተሽ አምጪ ሲባሉ ግን የሚይዙትን ያጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአካል እንቅስቃሴ መጠይቅ 16 ጥያቄዎች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ ሰውን በሥራ ላይ፣ ከቦታ ቦታ ሲሄድና በትርፍ ጊዜው ስለሚያደርገው እንቅስቃሴ፣ በመጨረሻም ተቀምጦ ስለሚያሳልፈው ጊዜ ይጠይቃል። ይህን መጠይቅ በቃልሽ እስክትይዢው አጥኚው፤ ከዚያ በአፋን ኦሮሞ ለአንዲት የጎማ ወረዳ ቡና ለቃሚ እናት እንዴት እንደምትጠይቂያት አስቢ። «ስፖርት ትሠሪያለሽ?» ብትያት «የለም» ትልሻለች። ነገር ግን በለቀማው ወራት ቀኑን ሙሉ ቆማ ትለቅማለች፣ የሞላውን ከረጢት ትሸከማለች፣ ማታ ደግሞ ውኃ ትቀዳለች። መጠይቁን በሚገባ የጠየቀ ሰው ይህች እናት ከብዙ የቢሮ ሠራተኛ በላይ እንደምትንቀሳቀስ ይገነዘባል፤ ስለዚህም እርሷ የሚያስፈልጋት ተጨማሪ ድካም ሳይሆን ዕረፍት መሆኑን በሪፖርቱ ላይ ለመጻፍ ይደፍራል። የሌላ አገር ስትራቴጂ እንዳለ ተገልብጦ ቢመጣ ይህን አያይም።

ወደ ከተማችን እንመለስ። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ከቤቱ ሥራ ቦታው ድረስ 20 ደቂቃ በእግሩ ሄዶ የሚመለስ ሰው በአምስት ቀን ውስጥ 200 ደቂቃ ይራመዳል፤ ማለትም ማንም ሳይቀሰቅሰው ከተመከረው አልፏል። ከሂርማታ ገበያ ዘንቢል አንጠልጥለው የሚመለሱትን እናቶች ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ስሌትም አያስፈልገውም። ለእነዚህ ሰዎች ጥሩ ስትራቴጂ ማለት አሁን ያላቸውን እርምጃ የሚጠብቅ ነው፤ የጅማ ዝናብ ረጅም በመሆኑ የማይጨቀይ የእግረኛ መንገድ፣ ሲመሽ መብራት፣ ባጃጅ የማይቆምበት የመንገድ ዳር። እነዚህ ከሌሉ ሰው ገንዘብ እንዳገኘ መራመዱን ትቶ ባጃጅ ውስጥ ይገባል፤ በዚያው መጠን ሳናውቀው የተንቀሳቃሾችን ቁጥር እንቀንሳለን። በሌላ በኩል ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውለው የባጃጅ አሽከርካሪ፣ የባንክና የቢሮ ሠራተኛው፣ ከሱቁ ወንበር የማይነሣው ነጋዴ አሉ፤ ወንድምሽም ከእነዚህ አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ማስ ስፖርት የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው። የእሑድ ጠዋቱ ማስ ስፖርትም ሆነ በኅዳር 2011 በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተጀመረው መንገዶችን ለእግረኛ የመክፈት ቀን እኔን በጣም ያስደሰቱኝ ነገሮች ናቸው፤ ሆኖም የመጣውን ሰው እንጂ ያልመጣውን ሰው የሚቆጥር ባለሙያ እምብዛም አላጋጠመኝም። ማን ቀረ? ለምን ቀረ? ሴቶቹ ስንት ነበሩ?

ሴት መሆንሽ በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቅ ጥቅም አለው። ወደ ጅሬን በሚወስደው ዳገት ማልደው ሁለትና ሦስት ሆነው የሚራመዱ ሴቶችን ብዙ ጊዜ አገኛለሁ፤ የሚመርጡት ሰዓትና መንገድ የሚያዩዋቸውን ዓይኖችና ደኅንነታቸውን አስበው መሆኑን ወንድ አሠልጣኝ ቢጠይቃቸው አይነግሩትም። ለአንቺ ይነግሩሻል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ቤት ለቤት የሚገባ መልእክት የሚያልፈው በእነርሱ በኩል ስለሆነ ከአሁኑ ተዋወቂያቸው።

አሁን ወደ ወንድምሽ ስጋት ልምጣ፤ ስጋቱ መሠረት አለው። የመጀመሪያ ሥራሽ ምናልባት የሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት ወይም የወረዳ ስፖርት ባለሙያነት ይሆናል፣ ደመወዙም ብዙ አይሆንም። ግን መምህርነቱን አትናቂው። ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መንቀሳቀስ ሲኖርባቸው፣ በዓለም ላይ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት 81 በመቶው ይህን አያሟሉም፤ ይህን ቁጥር የምትለውጠው ኳሱን ለአሥራ አንድ ወንዶች ሰጥታ ሌሎቹን ዳር የማታቆም መምህርት ናት። የትምህርት ክፍል መቀየሩን በበኩሌ አልመክርሽም፤ ሦስተኛ ዓመት ደርሰሽ ዓመታትሽን ከመጣል የመውጫ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፈሽ፣ ሁለት ዓመት ሠርተሽ፣ በሁለተኛ ዲግሪ ወደ ኅብረተሰብ ጤና ብትሻገሪ ይሻልሻል። በተለይ የጤና ማበልጸግ ዘርፍ ለዚህ ሥራ ቅርብ ነው። መንገድና ሠፈር ይበልጥ የሚስቡሽ ከሆነ የከተማ ፕላን ትምህርትም ክፍት ነው።

እስከዚያው አንድ ነገር ጀምሪ። ዩኒቨርሲቲያችን በሚታወቅበት ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ወደ ቀበሌ ስትወጪ አንድ መንገድ ምረጪ፣ ለምሳሌ ከፈረንጅ አራዳ ወደ መርካቶ የሚወስደውን። በሥራ ቀን ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ማታም ለአንድ ሰዓት ያህል ቆመሽ የሚያልፉትን እግረኞች ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን እያልሽ ቁጠሪ፤ ከእግረኛ መንገዱ ወርደው አስፋልት ላይ የሚሄዱትን ለብቻ መዝግቢ፤ ለምን እንደወረዱም ጥቂቶቹን ጠይቂ። በሐሙስ የገበያ ቀንም ድገሚው። ይህ የመመረቂያ ጥናትሽ መነሻ ይሆናል፤ በከተማችን በኮሪደር ልማት የሚሠሩት የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ላይ የሚመክር መሐንዲስም እንዲህ ያለ መረጃ ይዞ የመጣን ተማሪ ቁጭ አድርጎ ያነጋግራል። ወረቀቱን እንደሞላሽ ይዘሽልኝ ነይ፤ በስታትስቲክስ የሚያግዝሽን ሰው አብረን እንፈልጋለን። ወንድምሽም ፈቃደኛ ከሆነ አብሮሽ ይምጣ፣ ጥያቄዎቹን በቀጥታ ልመልስለት እፈልጋለሁ።